ተጽፏል፣ ታትሟል፣ አልተፈጸመም

ይህ የሰማሁት ወሬ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን የሚከብደው ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም አልቀየመውም።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።

ውጭ ፀሐይዋ ቦግ ብላለች። እኔ ግን ከመሬት በታች ነበርኩ... መስኮት በሌለው በመዝገብ ቤቱ የማሽን ክፍል ውስጥ።

ሥራዬ ጽዳት ነው። መዝገብ ቤቱ አራት ፎቅ አለው። የከተማው ሰው ሁሉ ስም እዚያ ይገኛል። ማን መቼ ተወለደ፣ ማን ማንን አገባ፣ ማን የት ይኖራል... ድሮ በወረቀት ነበር አሉ። አሁን ሁሉም ታች ባለው አንድ ማሽን ውስጥ ገብቷል። ማሽኑ ቁም ሳጥን ያህላል። ቀኑን ሙሉ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል።

ልጄ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጸሐፊ ናት። የሰዎችን ስም ወደ ማሽኑ የምታስገባው እሷ ነች።

ልጄ መሆኗን ግን እዚያ ማንም አያውቅም።

"ሰው ፊት ልጄ እንዳትይኝ" አለችኝ የተቀጠረች ዕለት። "ሰላምም አትበይኝ። አንቺ ወለልሽን ወልውይ፣ እኔም ሥራዬን ልሥራ።"

እሺ አልኳት። ምን እላለሁ?

ደረጃ ላይ ስንተላለፍ መወልወያዬን ይዤ ወደ ግድግዳው እጠጋለሁ። እሷ ዞር ብላ አታየኝም። ማታ ቤት ስንገባ እራት አቀርብላታለሁ። ስልኳን እያየች ትበላና ትተኛለች።

ማሽኑን የሚጠብቀው አንድ ባለሙያ ነው። ኢንጂነር እንለዋለን። በዕድሜ ልወልደው እችላለሁ፤ እሱ ግን "አንቺ" ነው የሚለኝ።

"አንቺ፣ እዚህ ጥግ አቧራ አለ።"

"አንቺ፣ ውሃሽ ገመዱ ጋ እንዳይደርስ። ከደረሰ በዚሁ መወልወያ ነው የምወለውልሽ።"

እኔ በዚያ ሰሞን ማንበብ እየተማርኩ ነበር። ከሥራ መልስ የጎልማሶች ትምህርት እገባለሁ። አስተማሪዋ መጀመሪያ ያስጻፈችኝ የልጄን ስም ነው። ደብተሬን በሱ ሞላሁት። ቤት ወስጄ ለልጄ ሳሳያት አንድ ገጽ ገለጠችና፣

"እጅሽ ይንቀጠቀጣል" ብላ መለሰችልኝ።

በቃ።

መሥሪያ ቤቱ ባለበት ሰፈር መብራት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠፋል። በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ጭጭ ይላል። ሲመጣ ይነሳል... ግን ከመነሳቱ በፊት ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ ያወጣል።

ኢንጂነሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ይቀራል። አንድ ቀን ከመውጣቱ በፊት ጠራኝ።

"አንቺ፣ ፊደል ቆጠርኩ እያልሽ ታወሪያለሽ አሉ።"

"እየቆጠርኩ ነው ጌታዬ።"

"እስቲ ይቺን።" ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ።

"አ... ዎ።"

"ጎበዝ። ፕሮፌሰር ሆነሻል። እኔ በሌለሁበት መብራት ጠፍቶ ከመጣ አዎ የሚለውን ትጫኛለሽ። ከላይ ያለውን አታንቢ። አያገባሽም።"

"ምንድን ነው የሚጠይቀው ጌታዬ?"

ስለ ማሽኑ ማውራት ይወድ ነበር። ለእኔ እንኳ ቢሆን።

"ይህ ማሽን ዝም ብሎ ሥራ አይጀምርም" አለኝ። "መጀመሪያ 'ይህንና ይህን ላደርግ ነው' ብሎ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ጽፎ ሲጨርስ ማኅተሙን ያትምበታል። ከዚያ ነው ወደ ሥራው የሚገባው። መብራት መሃል ላይ ድርግም ቢል፣ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው ያንን መዝገብ ነው። ጽፎ ያላተመውን እንዳልነበረ ይጥለዋል። የታተመውን ግን ይፈጽመዋል። አይተወውም።"

"መዝገቡ ባይኖርስ?"

"ሥራው ግማሽ ላይ ይቀራላ። የአንድን ሰው መዝገብ እየሰረዘ ነበር እንበል። ስሙ ጠፍቶ ሌላው ነገሩ ይቀራል። ከጠፋው ወገን አይደለም፣ ካለው ወገን አይደለም። ከዚያ በኋላ ማንም አያስተካክለውም።"

ወደ ማሽኑ ግርጌ ጠቆመኝ። መዳፍ የምታህል ጥቁር ሳጥን አለች፤ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይልባታል።

"መዝገቡ ያቺ ናት። እሷን ከነካሽ አበቃልሽ።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ማንበቤ ለአንድ ነገር በቃ አልኩ። ለአስተማሪዬም በኩራት ነገርኳት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ተጫንኩ።

መብራት ይጠፋል። ይመጣል። አዎ።

ይጠፋል። ይመጣል። አዎ።

በተጫንኩ ቁጥር ላይኛው ፎቅ ላይ የሆነ በር ሲዘጋ ይሰማኛል። ነፋስ ነው እላለሁ።

አንድ ጠዋት ስገባ ጥበቃው በሩ ላይ የሉም። ሽማግሌ ናቸው፤ ቀልድ ይወዳሉ። "እሜቴ፣ ዛሬስ የትኛው ፊደል ላይ ደረሱ?" ሳይሉ አያሳልፉኝም ነበር። ወንበራቸው አለ። ኮታቸው ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል።

የጽዳት ኃላፊዋን ጠየቅኋት።

"ጥበቃው ዛሬ ቀሩ እንዴ?"

"የምን ጥበቃ?"

"በሩ ላይ ያሉት ሽማግሌ።"

"እዚህ በር ላይ ጥበቃ ኖሮ አያውቅም። ምን ነካሽ? የፊደል ብዛት ጭንቅላትሽ ላይ ወጣ?"

"ኮቱስ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ጣይው።"

ኮቱን አነሳሁት። የአንገቱ ላብ ገና አልደረቀም ነበር።

በሳምንቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ሴትዮ ጠፋች። እሷንም የሚያውቃት የለም። ባሏ ግን አመሻሹ ላይ መጥቶ ደጅ ይቆማል፤ ሁልጊዜ የሚጠብቃት እዚያ ነበር።

"ማንን ፈልገው ነው?" አልኩት።

ብዙ አሰበ።

"እንጃ" አለኝ። "ግን በዚህ ሰዓት እዚህ እቆም ነበር።"

እኔ ለምን አስታውሳቸዋለሁ? ሌላው ሁሉ ለምን ረሳ?

አሁን ወደ ረቡዕ ልመልሳችሁ።

ኢንጂነሩ ወጥቷል። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ መብራት ጠፋ። ከሩብ ላይ መጣ። ማሽኑ አጉረመረመ። ስክሪኑ በራ።

እጄን ሰደድኩ...

ዓይኔ ግን እንደ ወትሮው ታች አልቀረም። የሦስት ሳምንት ተጨማሪ ትምህርት ትንሽ አይደለም። ከላይ ያሉት ፊደሎች እንደ ድሮው ጉንዳን መምሰላቸው ቀርቶ ይናገሩኝ ጀምረዋል።

የመጀመሪያው መስመር ላይ አንድ ስም አለ።

ያንን ስም ፊደል ሳልቆጥር ነው ያወቅኩት። ደብተሬን የሞላሁበት ስም ነው።

ከሱ በታች ያለውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ።

"አንደኛ... ስሟ... ከዝርዝሩ... ይወጣል።"

"ሁለተኛ... ቦታዋ... ለሌላ... ይለቀቃል።"

"ተጽፏል። ታትሟል። አልተፈጸመም። ልፈጽም?"

አዎ። አይ።

ማሽኑን ተደግፌ አይ የሚለውን ተጫንኩ።

ስክሪኑ ጠፋና ተመለሰ። "ልፈጽም?"

አይ።

"ልፈጽም?"

አይ ልጫን እጄን ሳነሳ... አይ የሚለው የለም። አዎ ብቻ ነው የቀረው።

ኢንጂነሩ በሩን በርግዶ ገባ።

"ለምንድን ነው ያልተጫንሽው? ፎቅ ላይ ያሉት ማሽኑ አልተነሳም ብለው እየጮኹብኝ ነው።"

"ስሞቹን የሚጽፋቸው ማን ነው?"

ቁጣው ከፊቱ ላይ ብን ብሎ ጠፋ። ዞሮ በሩን ዘጋው።

"አታንቢ አላልኩሽም?" አለ በሹክሹክታ።

"ጥበቃው ላይ አዎን የተጫንኩት እኔ ነኝ?"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"የፎቶ ኮፒዋ ላይስ?"

"ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።" ከንፈሩ ደርቋል። "ማን እንደሚጽፈው አላውቅም። ከእኔ በፊት የነበረውም አያውቅም ነበር። የማውቀው አንድ ነገር ነው... የተጫነው ሰው ብቻ ያስታውሳቸዋል። እኔ አሥራ ሰባት ሰው አስታውሳለሁ። ከነድምፃቸው። በቃኝ።"

"ስለዚህ ለእኔ ሰጠኸኝ።"

አንተ ስለው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

"አንቺ ምን ትሆኛለሽ? ለማን ታወሪዋለሽ? ብታወሪስ ማን ይሰማሻል? ዞር በይ፣ ልጫነው።"

"ልጄ ናት።"

ስክሪኑን አየ። እኔን አየ። ከዚያ አጭር ሳቅ ሳቀ።

"ያቺ? የሷ እናት እኮ ሞታለች። ራሷ ናት የነገረችን።"

ከማሽኑ ፊት አልተነሳሁም።

"ሞታለች ካለችም ሞቻለሁ" አልኩት። "አታልፍም።"

ያኔ በሩ ተከፈተ።

ልጄ ናት። እጇ ላይ ወረቀት ይዛለች።

"ኢንጂነር፣ እስከ ስንት ሰዓት ነው የምንጠብቀው? ወረፋው ደጅ ድረስ..."

አየችኝ። ፊቷ ጠቆረ።

"ይህቺ ሴትዮ እዚህ ምን ትሠራለች?"

"ልጄ፣ ነይ ይሄን አንብቢው።"

በሰው ፊት ልጄ አልኳት። አመለጠኝ።

ተጠግታ በጆሮዬ አንሾካሾከች። "ምን ብዬሽ ነበር? ምን ብዬሽ ነበር?"

"አንብቢው ብቻ። ስምሽ ነው ያለው..."

"አንቺ ነሽ ማንበብ የምታስተምሪኝ?"

"እባክሽን ልጄ..."

ኢንጂነሩን አየሁት። አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። እጆቹን ወደ ጀርባው አጣመረ። ሌላ ሰው እስኪጫን እየጠበቀ ነበር።

ልጄ እጇን ሰደደች። ያዝኳት። ገፈተረችኝ። ባልዲዬ አጠገብ በጎኔ ወደቅኩ።

ተጫነችው።

ቀና ብላ ከላይ ያለውን አላየችም። ማንበብ የምትችለዋ እሷ... አላየችም።

ማሽኑ አጉረመረመ።

"አንደኛ፦ ስሟ ከዝርዝሩ ይወጣል... ተፈጽሟል።"

ላይኛው ፎቅ ላይ አንድ በር ተዘጋ።

ኢንጂነሩ ከግድግዳው ተላቆ ልጄን ትኩር ብሎ አያት።

"አንቺ ማነሽ? እዚህ ማን አስገባሽ?"

"ምን ማለትህ ነው? እኔ እኮ..." ስሟን ልትነግረው አፏን ከፈተች።

አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

ወረቀቱ ከእጇ ወደቀ። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ በልጅነቷ ትኩሳት ሲይዛት የነበረውን ዓይን መሰለ።

"እማዬ..." አለች። "እማዬ፣ ማን ነኝ?"

እኔም ስሟን ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

የለም። ምላሴ ላይ የለም።

"ሁለተኛ፦ ቦታዋ ለሌላ ይለቀቃል... በመፈጸም ላይ..."

የእጇ ጣቶች እየሳሱ ሲሄዱ በውስጣቸው የስክሪኑ ብርሃን ታየኝ።

ዋናውን ገመድ ብነቅለው ዋጋ የለውም። መብራት ሲመለስ መዝገቡን አይቶ ይጨርሳታል። ኢንጂነሩ ራሱ ነግሮኛል። ዝም ካልኩ ደግሞ ያልቃል፤ ሲያልቅም እረሳታለሁ። የተጫንኩት እኔ አይደለሁማ። አያመኝም። እንደዚያ ሰውዬ አመሻሽ ላይ ደጅ እቆማለሁ፣ ማንን እንደምጠብቅ አላውቅም።

መዝገቡ ከጠፋስ? ግማሽ ላይ ትቀራለች። ማንም አያስተካክላትም።

ለማሰብ የነበረኝ ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነው።

ተንፏቅቄ ጥቁሯን ሳጥን ያዝኩ። ትግል ገጠመችኝ። በሁለት እጄ ነቀልኳትና ባልዲው ውስጥ ደፈቅኳት።

"አትንኪ..." ሲል ሰማሁት። ዘግይቷል።

ክፍሉ ድርግም አለ። ሕንፃው በሙሉ ድርግም አለ።

ጨለማ። ጸጥታ። ያ ጉርምርምታ የለም።

ከዚያ... አጠገቤ ትንፋሽ ሰማሁ። ፈጣን፣ የፈራ ሰው ትንፋሽ። አንድ እጅ ጨለማውን እየዳሰሰ መጥቶ እጅጌዬን ጭብጥ አደረገ።

"አይዞሽ" አልኳት። "አይዞሽ ልጄ፣ አለሁ።"

ኢንጂነሩ የስልኩን መብራት አበራ።

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

አየሁ። ክፍሉ ውስጥ እሱና እኔ ብቻ ነን።

እጅጌዬ ግን ወደ ጎን ተወጥሯል። ልክ ሰው እንደጨበጠው... አራት ጣት ጨርቁ ላይ ተቀርጿል።

በዚያው ቀን ከሥራ ተባረርኩ። ማሽን ሰባሪ አሉኝ። መንገዱን ሙሉ እጅጌዬ እንደተወጠረ ቤቴ ገባሁ።

ልብሷ አለ። አልጋዋ አለ። ጎረቤቴን ልጄን አየሻት ወይ ብላት፣

"አንቺ ሴት፣ ብቻሽን አይደል እንዴ የምትኖሪው?" አለችኝ። ለሌላዋ ዞራ፣ "ይኸው ለየላት" ስትል ሰማኋት።

ደብተሬን ገለጥኩ። ስሟን የጻፍኩባቸው ገጾች ባዶ ናቸው። እርሳሱ ወረቀቱን ተጭኖት ያለፈበት ጉድጓድ በጣቴ ይሰማኛል። ፊደል ግን የለም። በዚያ ጉድጓድ ላይ እርሳሴን ላስኬድ ስሞክር እጄ ይቆማል። "ልጄ" ብዬ መጻፍ እችላለሁ። ስሟን ግን አልችልም።

ግን አለች፤ ሥራው ሳያልቅ ስለነቀልኩት አልረሳኋትም። አውቃለሁ።

እራት አቀርባለሁ፤ ግማሹ ይበላል። አልጋዋ ላይ በአንድ በኩል ብቻ ፍራሹ ይጎደጉዳል። አንዳንዴ "እማ..." የሚል እሰማለሁ። ቃሉ አያልቅም።

ወለል ስወለውል ደግሞ እግሯ ይታየኛል። እርጥቡ ላይ የግራ እግር ዱካ ብቻ። የልጄ ነው፤ ሁለተኛዋ ጣቷ ከአውራ ጣቷ ትረዝማለች። ግራ... ከዚያ ባዶ... ከዚያ ግራ። አያስፈራኝም ነበር። እንዲያውም ብዬ ብዬ በቀን ሁለቴ እወለውል ጀመር። የማያት በዚያ ብቻ ነዋ።

ዛሬም ወለወልኩ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። መብራት ጠፍቷል፤ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ግን ይበቃል። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት።

"ነይ ልጄ" አልኩ።

ከበሩ ጀመረ። ግራ...

ትንፋሼን ያዝኩ።

ባዶ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ውሃው ቀስ ብሎ ተከፈለ። ቀኝ እግር ወጣ።

የልጄ አይደለም። ሰፊ ነው። ተረከዙ የተሰነጣጠቀ ነው። የሷን እጥፍ ያህላል።

ግራ። ቀኝ። ግራ። ቀኝ።

"ልጄ... አብሮሽ ያለው ማን ነው? ቦታሽ የተለቀቀለት ነው?"

ዱካዎቹ እስከ አልጋው ድረስ መጡና ጎን ለጎን ቆሙ። ጣቶቻቸው ወደ እኔ ነው።

ይህን የምጽፈው እግሬን አልጋው ላይ ሰብስቤ ነው። ወለሉ ከደረቀ አንድ ሰዓት ሆኖታል።

ግራው አብሮ ደርቋል።

ቀኙ ግን አሁንም እርጥብ ነው...